የአይጧ የቁም ተዝካር

ሱሚዬ፣ ሰላምታው ይቆየንና ሳቁ ይቅደም።

ዛሬ ኪዮቶ ውስጥ ሐዘን ላይ ዋልኩ፤ ለምርምር ለሞቱ የላቦራቶሪ አይጦች በየዓመቱ የሚደረገው መታሰቢያ ነው። እኛ ከተማ ሳፖሮ፣ እንዲህ ያለው መታሰቢያ ላይ ብርዱ ቶሎ ይበትነናል፤ እዚህ ግን ንግግሩ አያልቅም። ፕሮፌሰር ኒሺዋኪ ጥቁር ለብሰው፣ ነጭ አበባ ይዘው፣ ለአንዲት አይጥ እንባቸውን ያወርዱታል። ዕጢዋን በቀዶ ጥገና ካወጡላት በኋላ ሰውነቷ ይዋጋው እንደሆነ ለማየት ያንኑ ዕጢ መልሰው ከቆዳዋ ሥር አስገብተውባት ነበር። ጠዋት ሳጥኗን ባዶ ሲያዩት ሞተች ብለው ደመደሙ። ረዳታቸው አያኖ እጅጌያቸውን ሳብ አደረገች።

“ፕሮፌሰር፣ ኧረ አልሞተችም! ሳጥን ቀይሬላት ነው። ሰውነቷ ዕጢውን እንደሚያውቀው ሌባ ከሩቅ ለየውና ድራሹን አጠፋው።”

“ታዲያ ይህን ሁሉ ያለቀስኩት ለማን ነው?”

“ለዕጢው ነዋ!”

እሳቸውም ኮስተር ብለው አበባውን አኖሩና “እንግዲያው ነፍስ ይማር” አሉ። እኛ ሳቃችንን በሳል ሸፈንን።

አይጥ ሰው እንዳልሆነች አውቃለሁ። አንቺ ግን ዕጢሽ ከወጣ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር እንደሚሞት ሰው መሰናበትሽን ተዪልኝ።

ወረቀቱ ጠበበኝ፤ እናትሽን ሳሚልኝ። ስመለስ ነጭ አበባ ይዤ እመጣለሁ፤ ላንቺ እንዳይመስልሽ፣ ለዕጢሽ ነው።

ሪኮ