እህቴ ያገኘችውን ቀዳዳ «እኔ ነኝ ያገኘሁት» ብዬ ስለ መፈረሜ

ሴት ተማሪዎችን በኮምፒውተር ደኅንነት ምርምር ለሚያበረታታው የክረምት ፕሮግራም ኃላፊ፣ ለክቡር አቶ አምሐ
ቀራንዮ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ፤ ይህ ክረምት ጉንፋኑንም ጭቃውንም ከደጅዎ ያርቅልዎ፣ ወንበርዎም እንደተመቸዎት ይዝለቅ። እኔ ሞቲ ወዬሳ እባላለሁ፤ የአስኮ ልጅ ነኝ። ከአሥረኛ ክፍል ወጥቼ ስለ መመለሱ እስካሁን እያሰብኩበት ነው። ሰፈር ውስጥ ስሜ የሚነሳው ታክሲ በማይቆምበት ቦታ ከጓደኛዬ ኋላ ተሰልፌ፣ ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ አርባ ሰው ከኋላዬ በማሰለፌ ነው። እርስዎ ግን በሌላ ሙያ ያውቁኛል፤ ሙያውንም የሰጡኝ እርስዎ ስለሆኑ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ታናሽ እህቴን ኤቢሴን በፕሮግራምዎ ስለ ተቀበሉ አመሰግናለሁ። ማስታወቂያዎ «እህቶቻችን፣ ደፍራችሁ መርምሩ» ይል ነበር፤ ልጅቷ ደግሞ የተጻፈ ነገር ታምናለች፣ ከቤታችን ይህ አመል ያለባት እሷ ብቻ ናት። የመመዝገቢያ ቅጿን በስልኳ ሞልታ ስትጨርስ፣ በድረ ገጹ አድራሻ ጫፍ ላይ ያለችውን ቁጥር በአንድ ጨምራ ብትሞክር የማታውቃት ልጅ ቅጽ ተከፈተላት፤ ፎቶዋ፣ ስልክ ቁጥሯ፣ የቤት ቁጥሯ፣ መታወቂያዋ ከነጀርባው። እዚያው ዘጋችው። ለማንም ሳታወራ፣ ለእኔም ትንፍሽ ሳትል (ለእኔ አለመንገሯ ብቻውን ስለ ደኅንነት ምን ያህል እንደገባት ይመሰክራል)፣ ቀዳዳው የት እንዳለና በምን እንደሚደፈን በሁለት ገጽ ጻፈች።

2. የቢሮዎ ሥርዓት አክባሪነት የሚደነቅ ነው። ኤቢሴ ነገሩን በቃል ልትነግርዎ ብትመጣ የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ብርቅዬ «የኔ እናት፣ እዚህ በወሬ አይሠራም፣ በማመልከቻ አድርጊው» አሏት፤ አደረገችው። ማመልከቻው ጠረጴዛዎ ላይ ሲደርስ እርስዎ፣ እንደ ልማድዎ ከርእሱ በታች በመውረድ ዓይንዎን ሳያደክሙ፣ በጠርዙ ላይ «ለሁሉም ይገለጽ» ብለው መሩበት። ወይዘሮ ብርቅዬ ደግሞ የተመራን ወረቀት የሚያሳድሩ ሴት ስላልሆኑ፣ ማኅተም መትተው በር ላይ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ለጠፉት። የመቶ ሃያ ልጆች ገመና እንዴት እንደሚከፈት ደረጃ በደረጃ የሚያስረዳ ጽሑፍ፣ ከነማኅተሙ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ መንገድ ላይ! በሦስተኛው ቀን ከአስኮ እስከ ሳንሱሲ ያለ ሥራ ፈት ሁሉ ለተመዘገቡት ልጆች እየደወለ «ፎቶሽን አየሁት» ይል ጀመር። እኔ እንኳን፣ ሰው ማብሸቅ ቁርሴ የሆነው ሰውዬ፣ በዚህ አልሳቅሁም።

3. ወላጆች ተቆጥተው ሲመጡብዎ ጥፋተኛውን በፍጥነት ስላገኙት አደንቅዎታለሁ። ኤቢሴን አስጠርተው «ማነው የሠራልሽ?» አሏት። «ራሴ ነኝ» አለች። «ተይ እንጂ፣ እኛም እህት አለን፤ ማነው ልጁ?» አሏት። ልጁ ማን እንደሆነ ስላልነገረችዎ፣ ልጁ ስላልነበረ ማለቴ ነው፣ በሥነ ምግባር ጉድለት ስሟን ሰረዙና ወንድም እንዳላት አጣርተው እኔን አስጠሩኝ።

ሻይ አዘዙልኝ። «ጎበዝ፣ እንዲህ ያለ ጭንቅላት ይዘህ የት ተደብቀህ ነው?» ብለው ትከሻዬን ቸብ አደረጉኝ። በሃያ ሁለት ዓመቴ ጭንቅላቴን ያመሰገነ የመጀመሪያው ባለሥልጣን ስለሆኑ አልዋሽዎትም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ቀጥለው ወረቀት አወጡ፤ ቀዳዳውን ያገኘሁትም ጽሑፉን የጻፍኩትም እኔ እንደሆንኩ ካመንኩ፣ ኤቢሴ ተላላኪ ብቻ ስለነበረች ይቅር ተብላ ትመለሳለች። ዕድሜ ልኬን ለቀልድ የዋሸሁ ሰው ለእህቴ አንድ ጊዜ ብዋሽ ምን አለበት ብዬ ፈረምኩ። ለእሷ «ለምኜልሽ ነው» አልኳት።

ሰኞ ተመለሰች። አሠልጣኙ ትምህርቱን የጀመሩት ያንን ሁለት ገጽ በግድግዳው ላይ አብርተው «ሞቲ የተባለ አንድ ወጣት ያገኘው» በማለት ነው። ተነስታ «የእኔ ነው» አለች። እርስዎም በሥራ ትጋትዎ ከቢሮ ድረስ ፊርማዬን አምጥተው በልጆቹ ሁሉ ፊት አሳዩዋት። ቦርሳዋን አንስታ በእግሯ አስኮ ገባች። ይኸው ዘጠኝ ቀኗ፤ ከእኔ ጋር አትነጋገርም። ሌላው ሰው በቀልዴ ተናዶ ሲሰድበኝ እሷ ነበረች ሆዷን ይዛ የምትስቅልኝ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በዚህ ደብዳቤ ሀገር እየሰማ ፊርማዬን አንስቻለሁ። ውሸቴን ነበር። የጻፈችውን ሁለት ገጽ ሦስቴ አንብቤ የገባኝ ስሟ ብቻ ነው። ከተጠራጠሩ ሠልጣኞቹን ሁሉ ሰብስበው እኔን ኮምፒውተር ፊት ያስቀምጡኝ፤ ማብሪያውን ካገኘሁት የፈለጉትን እፈርማለሁ። ፕሮግራሙ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ጽሑፉ ላይ ስሟን ይመልሱ፣ እሷንም በዚያው ክፍል፣ በእነዚያው ልጆች ፊት ይጥሩልኝ። እኔ ለማስታረቅ አልበቃም፤ እኔ ራሴ ተከሳሽ ነኝ።

የትከሻዬን ሙቀት እስካሁን የማልረሳው፣ በማላውቀው ሙያ በእጅዎ የተሾምኩት፣ ሹመቴንም በክብር የምመልስልዎ

ሞቲ ወዬሳ
አስኮ

ግልባጭ፦
ለማስታወቂያ ሰሌዳው (ወይዘሮ ብርቅዬ፣ ይህንንም ሳያሳድሩ ይለጥፉልኝ)

ሳልዘጋው፦ በመዝጊያው በዓል «ከእህቶቼ ጎን ቆሜያለሁ» በሚል ርእስ ንግግር እንዳደርግ የላኩልኝ የጥሪ ወረቀት ትናንት ደርሶኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኤቢሴንም እንዳልረሷት ከሥሩ አንብቤአለሁ፤ ለእንግዶች ወንበር እንድታሳይ ተመድባለች።