ቆማለች፣ ግን የለችም

ለክቡር የዩኒቨርሲቲው የዲጂታል ትምህርት ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣

በቅድሚያ ለእርስዎ፣ ለባልደረቦችዎና በየክፍሉ ሲያቃስቱ ለሚውሉት ኮምፒውተሮችዎ የተሟላ ጤንነት እየተመኘሁ፣ ውድ ጊዜዎን ለመሻማት በመድፈሬ ይቅርታዎን እለምናለሁ። እኔ በፖስታ ቤት የደብዳቤ መለያ ክፍል ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ስሆን፣ ሁለተኛዋ ልጄ በዩኒቨርሲቲዎ የአዋላጅ ነርስነት ተማሪ ናት፤ ቢያንስ እኔና እሷ እንደዚያ ይመስለን ነበር።

ጉዳዩ አጭር ነው። ልጄ ከጤና ኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቃ ዲግሪዋን ለመያዝ ወደ እናንተ ተዛወረች። ኮሌጁ የሚያስተምርበት የኦንላይን ሥርዓት አንድ ነው፣ የእናንተ ደግሞ ሌላ፤ ሁለቱ አይናበቡም፣ ጭራሽ አይተዋወቁም። በኮሌጁ ሥርዓት ዘጠና አራት ያገኘችበት ኮርስ በእናንተው ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ስለሚታይ፣ ሰኞ በሚጀመረው የሆስፒታል ልምምድ የስም ዝርዝር ውስጥ አልገባችም። ዝርዝሩ ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ የሚቀጥለው ዙር ከዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ እስካሁን የተደረገልንን ሁሉ ሳላመሰግን ዓርብ እንዳይደርስብኝ በመስጋት፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሬጅስትራር መስኮቱ። ልጄን ይዤ በሄድኩ ቀን የተቀበሉን ሠራተኛ መታወቂያዋን ወስደው ቁጥሩን አስገቡ፣ የልምምዱን ዝርዝር በኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ለረጅም ጊዜ በትዕግሥት ተመለከቱና «እናቴ፣ ልጅዎ እኛ ጋ የለችም» አሉኝ። ይቺውና አጠገቤ ቆማለች ብላቸው፣ ቀና ብለው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋትና «አዎ ቆማለች፣ ግን የለችም» ብለው መታወቂያዋን መለሱልን። ሰዎች ወፋፍራም መጽሐፍ ጽፈው እልባት ያላገኙለትን የመኖርና ያለመኖር ጥያቄ፣ በአንዲት መስኮት ከምሳ በፊት የሚቋጭ ባለሙያ ስላላችሁ እንኳን ደስ አላችሁ።

ሁለተኛ፣ በክፍል ቁጥር ዘጠኝ ስላሉት ሰው። እኚህ ባለሙያ ከየኮሌጁ የተዛወሩ ተማሪዎችን ውጤት ከአንዱ ኮምፒውተር በዓይናቸው እያነበቡ በሌላው ላይ በሁለት ጣት ይተይባሉ፤ በሁለቱ ሥርዓቶች መካከል ከእሳቸው በቀር ምንም ነገር ስለሌለ ተማሪዎቹ «ገመዱ» ይሏቸዋል። በጠረጴዛቸው ላይ የተከመረውን ወረቀት ሳይ የቀድሞ ሥራዬ ትዝ አለኝ። ወንበር ስበው አስቀመጡኝና «እማማ፣ እኔ ብቻዬን ነኝ፤ አራት መቶ ልጅ አለብኝ። የልጅዎ ወረቀት ግን መሐል ላይ ነው፣ ሥር አይደለም» ብለው አጽናኑኝ። መሐል መሆናችን ለቤተሰባችን ትልቅ ዜና ነበር፤ ለእህቴም ደውዬ ነገርኳት። በሳምንቱ ስመለስ በሩ ተቆልፏል፤ ኮሪደሩን የምትወለውለው ሴት «ገመዱ የዓመት ፈቃድ ወጥቷል፣ በሦስት ሳምንት ነይ» አለችኝ። ሰውየው እረፍት ይገባቸዋል፤ ትንፋሽ እስኪያጥራቸው የሠሩ ሰው ናቸው። እኔን የገረመኝ፣ አንድ ሰው ዘመድ ለመጠየቅ በሄደ ቁጥር ዩኒቨርሲቲና ኮሌጅ እንዲህ መቆራረጣቸው ብቻ ነው።

ሦስተኛውና ልቤን የነካው ቸርነትዎ ነው። ገመዱ እስኪመለሱ ልጄ እንዳትጉላላ በማሰብ፣ መሥሪያ ቤትዎ ያንኑ ኮርስ፣ ማለትም የእጅ ንጽሕናና የኢንፌክሽን መከላከልን፣ በእናንተ ሥርዓት ላይ ደግማ እንድትወስድ ፈቀደላት። ቅዳሜ ከሰዓት ሳሎን ውስጥ ኮምፒውተሩን ስትከፍት፣ እግረ መንገዴን እኔም እጅ መታጠብ ልማር ብዬ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ቪዲዮው ተጀመረ። ፊቷ የማይታይ አንዲት ተማሪ እጇን በሳሙና ታሻለች፣ ቧንቧውን በክርኗ ትዘጋለች፣ ጓንት ታጠልቃለች። እጆቹን አየሁ፣ ልጄን አየሁ፣ እንደገና እጆቹን አየሁ። በግራ አውራ ጣቷ ሥር ያለችውን ጠባሳ፣ በሰባት ዓመቷ የቆርቆሮ ክዳን ሲቆርጣት በጨርቅ ያሰርኩላት እኔ ነኝና ልሳሳት አልችልም። «ይሄ ያንቺ እጅ አይደለም?» ብላት፣ «ነው እማዬ፤ ኮሌጅ እያለሁ መምህራችን ቀርጻኝ ነበር» ብላኝ ማስታወሻ መያዟን ቀጠለች።

ለካስ ክቡርነትዎ ከኮሌጁ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርመው፣ የቪዲዮ ትምህርቶቹን ተረክበዋል። የልጄ እጆች ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው በሰላም ተሻግረዋል፤ እነዚያው እጆች ያገኙት ዘጠና አራት ግን መንገድ ላይ ቀርቷል።

ከቪዲዮው በኋላ ፈተና ነበር፤ አምስት ጥያቄ፣ አንዱን የሳተ አያልፍም። የመጨረሻው ጥያቄ «በተማሪዋ አሠራር ላይ ምን ጉድለት ተመለከቱ?» የሚል ነው። ልጄ «የግራ እጇን ጥፍሮች ሥር አላሸችም» የሚለውን መረጠች። ተይ ልጄ፣ ምንም ጉድለት የለም በያቸውና እንገላገል ብላት፣ «እማዬ፣ እኔ እኮ ነበርኩ፤ ቸኩዬ ዘልዬዋለሁ» አለችኝ። የሥርዓትዎ ትክክለኛ መልስ «ምንም ጉድለት የለም» ሆኖ ተገኘ። ወደቀች። ድጋሚ ለመሞከር አሥራ አራት ቀን መጠበቅ ግድ ነው ተባለ፤ ዓርብ ግን አሥራ አራት ቀን የሚጠብቅ ቀን አይደለም።

ይህንኑ ሁሉ በትሕትና ጽፌልዎ በሦስት መስመር መልሰውልኛል፦ «የዩኒቨርሲቲያችን ሥርዓት በዓይነቱ ልዩ ስለሆነ ከሌሎች ተቋማት ጋር እንዲናበብ ማድረግ ጊዜ ይወስዳል።» እኛም ክፍል አድራሻቸው በዓይነቱ ልዩ የሆነ ደብዳቤዎች ይመጡ ነበር። የተለየ መደርደሪያ ነበራቸው፤ ጡረታ ስወጣም እዚያው ትቻቸው ወጣሁ።

ክቡርነትዎ፣ የዓለም ፖስታ ቤቶች አንድ ሕንጻ፣ አንድ አለቃ፣ አንድ ዓይነት ሣጥን የላቸውም። የተስማሙት በጥቂት ነገር ላይ ነው፤ የተቀባዩ ስም የት ይጻፍ፣ ቴምብሩ የት ይለጠፍ፣ ማን ለማን ያስረክብ። በዚያች ስምምነት ብቻ፣ እርስ በርስ እግዜር ይማርህ የማይባባሉ መንግሥታት ማኅተም ያረፈበት ፖስታ በእጄ አልፎ ለባለቤቱ ደርሷል። ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ሁሉ አንድ ሥርዓት ይግዛ አላልኩም፤ እያንዳንዱ በወደደው ያስተምር። የተማሪው መለያ፣ የኮርሱ መጠሪያና ውጤቱ በምን መልክ እንደሚላክና እንደሚነበብ ብቻ ቁጭ ብላችሁ ተስማሙ። ቪዲዮ ለመቀባበል የተገናኘ እጅ ይህን ለመፈረም ቢገናኝ ይደክመዋል ብዬ አላምንም።

ያ እስኪሆን የምለምነው ትንሽ ነው። ከዓርብ ስድስት ሰዓት በፊት አንድ ሰው ዘጠና አራት ብሎ ይተይብልን። ሁለት ቁልፍ ነው፤ ዘጠኝና አራት። ሰው ከጠፋ እኔ መጥቼ እተይባለሁ። ይህም ከደንብ ውጭ ከሆነ፣ ሥርዓትዎ የሚያውቃቸው እጆቿ ብቻ ተመዝግበው ይግቡ፤ የቀረው አካሏ እንደ ጓዝ ይከተላቸዋል።

እስካሁን ላልተደረገልን ሁሉ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ከፍ ባለ አክብሮት እጅ የምነሳ፣ የሌለችው ተማሪ እናት።

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ አብረዋት የሚማሩት መቶ ሠላሳ ልጆች ያንኑ ቪዲዮ ተመልክተው፣ «ምንም ጉድለት የለም» ብለው ሁሉም አልፈዋል። ሰኞ ጠዋት የግራ እጃቸውን ጥፍሮች ሥር ሳያሹ ማዋለጃ ክፍል ይገባሉ። መታሸት እንዳለበት የምታውቀው አንዲት ልጅ ቤት ትሆናለች፤ ከፈለጓት አድራሻችን በፖስታው ጀርባ ላይ አለ።