በጋሼ ሸምሱ ቆጣሪ ላይ

ሰኞ፣ ሰኔ 4 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ መቱ

ማስታወሻዬ፣ ይህን ለማንም አልነገርኩም። ላንተም መንገሬን እንጃ። ጋሼ ሸምሱ ሱቅ ስላክ ዕቃውን ተቀብዬ ቶሎ አልወጣም። ከበሩ በላይ የመብራት ቆጣሪያቸው አለ። መስተዋቱ ውስጥ የምትዞረውን ክብ ብረት ቆሜ አያታለሁ። በፈጠነች ቁጥር ሂሳቡ ይጨምራል። የእኛም መብራት እዚያ ውስጥ ነው።

ቆጣሪ የለንም። አባዬ የሞተ ጊዜ ጋሼ ሸምሱ ከቤታቸው በአጥሩ ላይ ሽቦ ስበው አንድ አምፖል ሰጡን። ከጀርባችን ላሉት ለሽማግሌው ለአባባ ኢጀታም እንዲሁ። እማዬ በየወሩ የድርሻችንን ትሰጣለች። ቡና ለቀማው ካበቃ ወዲህ ግን አልሰጠችም። እሳቸውም አልጠየቁም። አለመጠየቃቸው ነው የሚያስፈራኝ።

እማዬ ቀን የሰው ልብስ ታጥባለች፤ ሲመሽ የትራስ ልብስ ትጠልፋለች። ነጭ ነው። አምና አምፖሉ ተቃጥሎ በኩራዝ ስትሠራ ጥላሸቱ ጨርቁ ላይ አረፈ። የጎሬዋ ደንበኛዋ መለሰችባት። ታጥቦ ታጥቦ አልለቀቀም። መብራቱ ከተቆረጠ ጥልፉም ቀረ ማለት ነው። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ ውሃ ከመቅዳትና ክር ከማጠንጠን ሌላ የምረዳት ነገር የለኝም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 6፣ ማታ

ቦኖ ላይ ወሬ ሰማሁ። አቅም ለሌለው ቤት መንግሥት መብራት ሊደጉም ነው። ቆጣሪ ያለው ሂሳቡ ይቀነስለታል። መብራት የሌለው ከቀበሌ ሱቅ ላምባ በርካሽ ያገኛል። ኮሚቴ ቤት ለቤት እየዞረ ያያል። ትንሽ የሚያበራ ይረዳል፤ ብዙ የሚያበራ አቅም አለው ተብሎ ይታለፋል።

እየሮጥኩ መጥቼ ለእማዬ ነገርኳት። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችው። እኔም ባልዲውን ሳወርድ ቀስ ብሎ ገባኝ። በጋሼ ሸምሱ ቆጣሪ የሚያበራው ሦስት ቤት ነው። ቁጥሩ የሦስት ቤት፣ ስሙ የአንድ ሰው። የእኛ አምፖል ሀብታም ሊያስመስላቸው ነው።

እንናገር እንዳልል ደግሞ፣ ሽቦ ለጎረቤት መሳብ ክልክል ነው። እማዬ እንደምትለው ከታወቀ የእሳቸውም ይቆረጣል። ስድስት ልጆች አሏቸው። እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም።

ዓርብ፣ ሰኔ 8

ዝናብ። ጭቃ። ኮሚቴው መጣ። ሁለት ሰዎችና ከሴቶች ማኅበር እትዬ አስቴር።

በላይኛው ጎረቤት በር ሲገቡ ስታይ እማዬ በርጩማ ላይ ወጥታ አምፖሉን ፈታች። በሻሽ ጠቅልላ ሽሮ የምናስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተችው። ሽቦውን ጣሪያ ሥር አጥፋ ሰካችው። ከዚያ ኩራዝ ለኮሰች። በቀን ብርሃን። ሰው በቀን ኩራዝ እንደማያበራ ያን ሰዓት ለሁለታችንም አልመጣልንም።

አንደኛው ሰውዬ መብራት አላችሁ ወይ አሉ። እማዬ ስትፈራ አማርኛው ይጠፋታል። «ኢብሳ ሂን ቀብኑ» አለች፤ መብራት የለንም ማለቷ ነው። ሰውዬው ወደ እኔ ዞሩ፤ እውነት ነው ወይ አሉኝ። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ። አፌን እንኳ አልከፈትኩም።

እትዬ አስቴር ሣጥኑ ላይ ያለውን የትራስ ልብስ አንስተው አገላበጡት። «ይሄ እንዲህ እንደነጣ በኩራዝ ነው የተጠለፈው?» አሉ።

እማዬ ወደ ኩራዙ አየች።  ጨርቁን መልሰው አጠፉት፣ አስተካክለው አስቀመጡት። ሲወጡ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

እማዬ ማታ ለላምባው ብላ እንዳልዋሸች ነገረችኝ። ለእኛ ያበሩልን ሰው በእኛ ምክንያት ይጨልምባቸው ወይ ነው ያለችው። ልክ ናት። ግን ልክ ከሆነች ለምን እንዲህ ይከብደኛል?

እሑድ፣ ሰኔ 10

የቀበሌ ስብሰባ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እርጥብ ካፖርት ይሸታል። እኛ ከኋላ ቆምን።

ስም ተነበበ። እኛ ላምባ ተፈቀደልን። አባባ ኢጀታ ምንም። ኮሚቴው በራቸውን ሲያንኳኳ ሬዲዮናቸውን ከፍተው እንቅልፍ ወስዷቸው ስለነበር ቤታቸው ሳይታይ ታለፈ አሉ። ጋሼ ሸምሱ «አቅም ያላቸው» ከተባሉት ጋር ተነበቡ። ሊ/መንበሩ የቆጣሪው ቁጥር ይናገራል አሉ።

ጋሼ ሸምሱ ተነሱ። «አልሐምዱሊላህ፤ ሀብታም መሆኔን ገና ዛሬ ሰማሁ። ገንዘቡ የት እንዳለ ያየ ሰው ካለ ቢጠቁመኝ።»

ሰው ሳቀ። ከፊቴ የቆመ አንድ ጎረምሳ «ነጋዴ ሲያስቅህ ኪስህን ያዝ» አለ፤ ይሄኛው ይበልጥ አሳቀ። ጋሼ ሸምሱም አብረው ሳቁና ተቀመጡ። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ አልሳቁም። ወደ እኛም አልዞሩም። ብቻ አንገታቸው ቀጥ ብሎ ቀረ።

እውነቱን በዚያ አዳራሽ ውስጥ የምናውቀው እነሱና እኛ ነን።  በመጨረሻ ቅሬታ ያለው እስከ ሐሙስ ጽ/ቤት መጥቶ በራሱ አፍ እንዲናገር ተነገረ። በራሱ አፍ! እኔ በራሴ አፍ ትኬት እንኳ ቆርጬ አላውቅም። ሁሩሙ ያለችው አክስቴ ጋ በአውቶቡስ ስሄድ እማዬ ናት ለረዳቱ የምትነግርልኝ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 12

ላምባውን ከቀበሌ ሱቅ አመጣሁ። ቤቱ ሁሉ ሸተተ። እማዬ ጨርቆቿን እንዳይነካባት ከአልጋው ሥር ከተተችው።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ሸምሱ መጡ። ተቀመጡ ብንላቸው አልተቀመጡም። መሬት መሬት እያዩ ተናገሩ። ወሩ ሲያልቅ ሽቦውን ሊጠቀልሉት ነው፣ የእኛንም የአባባ ኢጀታንም። ቁጥሩ ካልወረደ ሁልጊዜ ሀብታም ተብለው ሊታለፉ ነው። ሱቁ እንደ ድሮው አይደለም። እማዬ ይቅርታ እንኳ እንዲጠይቁ አልፈቀደችላቸውም። «ልክ ነዎት፤ እስከ ዛሬም እግዜር ይስጥልን» አለች።

እሳቸው ከወጡ ወዲህ ስትጠልፍ ቀና አላለችም። የተቀበለችውን ሁሉ ወሩ ሳያልቅ ልትጨርስ ነው። መርፌው ወጋት። ደሙ ነጩን እንዳይነካ ጣቷን አፏ ውስጥ አድርጋ፣ በሌላው እጇ ጨርቁን ወደ እኔ ገፋችው።

የሚገርመው፣ ሁሉም ሰው ደግ ነው። ማንም ክፉ አልሠራም። ግን ሁላችንም ልንጨልም ነው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 13፣ ማታ

ሄድኩ። ጋሼ ሸምሱ ሱቅ። ሌላ ገበያተኛ እስኪወጣ በሩ ላይ ከዝናብ የተጠለልኩ መስዬ ቆምኩ። ገብቼ ክብሪት ስጡኝ አልኩ።

«ክብሪትማ ትናንት ወስደሻል። ምን ልታቃጥዪ ነው ልጄ?»

ያኔ ወጣልኝ። ባንኮኒውን እያየሁ ነው የተናገርኩት። ቆጣሪው የሦስት ቤት መሆኑን ለጽ/ቤቱ ብናገር ያስሯችኋል ወይ? እንዲህ አልኩ። እንዴት እንዳልኩት አላውቅም።

ጋሼ ሸምሱ ሚዛኑን በጨርቅ ወለወሉ፤ ንጹሕ ነበር።

«እኔ ቀድሜ ብናገር ነጋዴ ነው፣ ለትርፉ ይለፈልፋል ይሉኛል። ሰምተሻቸዋል። አንቺ ከተናገርሽ ግን አልክድሽም። ሽቦውን የሳብኩት እኔ ነኝ እላለሁ።»

ቢቆርጡትስ አልኳቸው።

«እኔስ ልቆርጠው አይደል?» አሉ። ከዚያ ክብሪቱን ሰጥተው ሳንቲሙን መለሱልኝ። እትዬ ዘይነባ ከጓዳ በር ላይ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። «እናትሽን ሰላም በያት» ብቻ አሉኝ። ከእሑድ ወዲህ ሲያናግሩኝ የመጀመሪያቸው ነው።

አሁን እማዬ አጠገቤ እየጠለፈች ነው። ምን ትጽፊያለሽ አለችኝ፤ ምንም አልኩ። ብዙ እፈራለሁ። ውሸታሞች ናቸው ተብሎ ላምባው ሊነጠቅ ይችላል። ሽቦውም ነገውኑ ሊበጠስ ይችላል። ሁለቱንም ልናጣ እንችላለን። እማዬ በሰው ፊት «የለንም» ያለችውን እኔ «አለን» ልል ነው። ግን ዝም ብል ወሩ ሲያልቅ የሚሆነውን አውቀዋለሁ።

ነገ ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ እሄዳለሁ። እትዬ አስቴር ካሉ ለእሳቸው፣ ከሌሉ እዚያ ለተገኘው ሰው። ሦስቱ ቤት እንደ ሦስት ቤት ይቆጠርልን እላለሁ፤ ካልቻልኩ ወረቀት ላይ ጽፌ አልሰጥም፣ እስክችል ድረስ እቆማለሁ። ለእማዬ ዛሬ አልነግራትም። ነገ ነጠላዬን ለብሼ፣ አንድ እግሬን ከበሩ ውጭ አድርጌ ነው የምነግራት። ቁጭ ብዬ ከነገርኳት ታስቀረኛለች።