የፎቶ አንሺው የአቶ ሲላስ ጠና እና የአሮጌው ሌንሳቸው ታሪክ

አቶ ሲላስ ጠና ከአባታቸው ከአቶ ጠና ኤርጃቦ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዳመነች ሀንዲሶ በ1951 ዓ.ም. በሆመቾ ተወለዱ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን በሆሳዕና ተከታትለው ወደ አዲስ አበባ በማቅናት የፎቶግራፍ ሙያ ተማሩ። በ1974 ዓ.ም. ተመልሰው ሆሳዕና ላይ ፎቶ ቤት ከፈቱ። በ1978 ዓ.ም. ከወ/ሮ ገነቴ ጋር ትዳር መሥርተው ልጃቸውን ማራኪን ወለዱ። በዚህች ከተማ ለመታወቂያም ሆነ ለሠርግ እሳቸው ያላነሱት ሰው ጥቂት ነው።

ፊልም ከገበያ ሲጠፋ እሳቸው የድሮ ካሜራቸውን ትተው ሌንሱን አስቀሩ። በ2009 ዓ.ም. ማራኪ ዲጂታል ካሜራ ስትገዛ አሮጌውን ሌንስ በማገናኛ ቀለበት ገጠሙበት። ሌንሱ ምስሉን በራሱ አያጠራም፤ በጣት እያዞሩ ነው የሚያጠሩት። ተነሺውም እስኪጨርሱ ሳይነቃነቅ ይጠብቃል። የሚወጣው ፊት ግን ለስለስ ያለ ነበርና አረጋውያን ወደዱት። ከሞርሲቶም ከዱራሜም እየመጡ፣ ለቀብራቸው ፕሮግራም የሚሆነውን ፎቶ በቁማቸው ይነሱ ጀመር።

መዘዙ የመጣው ከዚህ ነው። ሊሞቱ የተቃረቡ ሰዎች ተነሱ፤ ሞቱም። በየቀብሩ በሚታደለው ወረቀት ላይ ያው ለስላሳ ፎቶ ታየ። ነገሩን ለማገናዘብ ትልቅ ትምህርት አያስፈልግም ነበር። ሆኖም «ያ ሌንስ ያየው ሰው አይከርምም» ተባለ። ይህን ካሉት መካከል ዛሬ እዚህ የተቀመጡ አሉ። ሙሽሮች ቀሩ፤ እናቶችም በፎቶ ቤቱ ደጅ ሲያልፉ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ታናሽ ወንድማቸው አቶ ሆሴዕ ወሬውን ከንቱ ላድርገው ብለው፣ በሙሉ ጤንነታቸው፣ እየሳቁ ሌንሱ ፊት ተቀመጡ። ፎቶው ሳይታተም በዱራሜ መንገድ በመኪና አደጋ አለፉ። ከዚያ ወዲህ አቶ ሲላስ ለዓመታት የሌንሱን ስም አላነሱም። አልሸጡትም፣ አልጣሉትም፤ ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። ወ/ሮ ገነቴም ሳጥኑ ያለበት ክፍል መግባት ተዉ። እውነቱን ለመናገር እኛ ቤተሰቦቻቸውም ፈርተን ነበር።

ባለፈው ዓመት የጉበት ሕመም ጸናባቸው። እሳቸውን ያስጨነቃቸው ግን ሕመሙ አልነበረም። ፎቶ ቤቱን የምትወርሰው ልጃቸው ወሬውንም አብራ እንዳትወርስ ነበር የሚፈሩት። ስለዚህ በእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ ሌላ ሰው ያነሳቸው አሮጌ የመታወቂያ ፎቷቸው እንዲወጣ አዘዙ። አቶ ሲላስ ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያ ሌንስ ፊት አንድም ቀን አልተቀመጡም። ያም ሆኖ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ባለቤታቸውን ወ/ሮ ገነቴን፣ ልጃቸውን ማራኪንና እህታቸውን ወ/ሮ አስካለችን ትተው ሄደዋል። በኑዛዜያቸው መሠረት ከቀብር መልስ ማራኪ ሌንሱን ከሳጥኑ አውጥታ በድንኳኑ ደጅ ለቀስተኛውን ታነሳለች። መጀመሪያ የሚቀመጡት ይህን ታሪክ የጻፉት ወ/ሮ አስካለች ናቸው። ሁለተኛ እቀመጣለሁ ያለ እስካሁን አልተገኘም።

ጌታ የወንድማችንን ነፍስ በመንግሥቱ ያሳርፍ፤ ለቀረነውም ድፍረት ይስጠን።