ዓሦቹን ያስቀየመው ደብዳቤ

ለልጄ ለኡላዩክ፣

ፈጣሪ ከእግርህ በታች ያለውን በረዶ ያወፍርልህ፤ በረዶ የሌለበት አገር ከሆነም መሬቱን ያጽናልህ። እኛ ደህና ነን። ነጯ ቀበሮ የአባትህን አንዱን ጓንት ይዛ ጠፍታለች።

አሁን ወደ ጥፋትህ ልምጣ። ባለፈው ደብዳቤህ «የእኛ ሐይቅ ዓሣ ሞኝ ነው፤ ባዶ መንጠቆም ይውጣል» ብለህ አልነበር? አባትህ ደግሞ፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ ሐይቁ ላይ ወጥቶ፣ በረዶው ላይ የበሳነው ቀዳዳ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ ጮክ ብሎ አነበበው! ይኸው ሦስት ሳምንት አንድም ዓሣ መንጠቋችንን አልነካም። ስቆጣው «እኔ ምን አደረግኩ? ልጁ የጻፈውን ነው ያነበብኩት» ይለኛል። አክስትህ ፓኒፓክ ከጎናችን ካለው ቀዳዳ ዓሣዋን በባልዲ ትሞላና «ምነው፣ ዛሬም የጣሳ ቋሊማ ነው?» እያለች ታልፋለች። አባትህ ቋሊማ ሲያኝክ ፊቱን ብታየው በሳቅ ትሞት ነበር። እኔ ግን አልስቅም፤ እኔም የምበላው ያንኑ ነው።

አያትህ እንስሳ ይሰማል ብሎ ስለ አንዱም ክፉ ተናግሮ አያውቅም። አንተ የእሱን ስም ይዘህ፣ ስለ ዓሣ ልትማር ስኮትላንድ ድረስ ሄደህ፣ ዓሣ ትሰድባለህ?

በል አባቴ፣ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፍላቸው። አባትህ እዚያው ቀዳዳው አፍ ላይ ያነብላቸዋል። ምን እንደምትበላ፣ ካፖርትህ ይሞቅ እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደምትውልም ጨምርበት።

ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ። አሳጥረህ እንዳትልክ ብቻ፤ ዓሦቹ ረዥም ደብዳቤ ነው የሚወዱት።

እናትህ