ወ/ሮ ዘይነባ ኑርሁሴንና የመኝታ ዱዓቸው (1946–2018 ዓ.ም.)

ወ/ሮ ዘይነባ ከአባታቸው ከሼህ ኑርሁሴን ሙሔና ከእናታቸው ከወ/ሮ ፋጡማ ይማም በጥቅምት ወር 1946 ዓ.ም. በቡሬ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ሸማኔ ስለነበሩ ቁርኣንን ከሽመና ዕቃቸው አጠገብ ተቀምጠው ተማሩ፤ ዘመናዊ ትምህርትንም እስከ አራተኛ ክፍል ተከታተሉ። በ1963 ዓ.ም. አቶ እንድሪስ ሰይድን አግብተው ፍኖተ ሰላም አሥር ዓመት ከኖሩ በኋላ ወደ ቡሬ ተመለሱ። አምስት ወልደው ያሳደጉት ሁለቱን፣ ከድጃንና ሰዒድን ነው። ባለቤታቸው በ1992 ዓ.ም. ሲያርፉ ቡሬ ገበያ በርበሬ እየሸጡ ቤታቸውን አቆሙ።

ሦስት ልጅ የቀበሩ እናት ነበሩና ማታ ማታ ዱዓ ሳያደርጉ ጎናቸው ፍራሽ አይነካም ነበር። ታጥበው ውዱእ አድርገው ፍራሹን ሦስት ጊዜ ያራግፋሉ፤ ከቁርኣን አየተል ኩርሲን ያነባሉ፤ መዳፋቸውን ገጥመው አጫጭሮቹን ምዕራፎች ኢኽላስን፣ ፈለቅንና ናስን አንብበው እፍ ይሉና ከራሳቸው ጀምረው ገላቸውን ያብሳሉ። ልጆቻቸውንም እንዲሁ እያበሱ አሳደጉ።

በሰኔ 2015 ዓ.ም. የጭነት መኪና ሾፌር የነበረው ልጃቸው ሰዒድ በቆሎ ጭኖ ወደ ነቀምት ሲጓዝ ከዓባይ ማዶ ባልታወቁ ታጣቂዎች ታገተ። መኪናው ባዶውን ተገኘ። ስልኩ አይሠራም፤ ከመናኸሪያ የሚመጣው ወሬ ጧት አለ፣ ማታ የለም የሚል ነበር። በዚያ ሳምንት ከድጃ እናቷ ዱዓ ሳያደርጉ መተኛታቸውን አይታ ደነገጠች።

«እማ፣ ዛሬም ረሱት?» አለቻቸው።

«አልረሳሁም። ልጄ የት እንደተኛ ሳላውቅ እኔን ጠብቀኝ ማለት አፈርኩ» አሉ።

ዐሥራ አንድ ማታ እንዲህ አለፈ። እንቅልፍም እህልም ራቃቸው። በዐሥራ ሁለተኛው ጎረቤታቸው ወ/ሮ ባንቺአየሁ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ገቡና እግራቸው ሥር ተቀመጡ። «እትዬ ዘይነባ፣ እኔም በበኩሌ ስሙን በጸሎቴ እያነሳሁ ነው። አንቱ ዝም ካሉ ግን የእናቱ ድምፅ ይጎድላል» አሏቸው።

ወ/ሮ ዘይነባ ውኃ አስመጡ። ውዱእ አድርገው የሰዒድን ፍራሽ አራገፉ። አንብበው እፍ ካሉም በኋላ መዳፋቸውን ወደ ራሳቸው አልመለሱትም፤ የእሱን ትራስና ብርድ ልብስ አበሱበት።

ሰዒድ በሃያ ሦስተኛው ቀን ከአጋቾቹ እጅ ወጥቶ መንገድ ዳር ባገኘው ሾፌር መኪና ተሳፍሮ ቡሬ ገባ። ከስቷል፤ የእጁ አንጓ በገመድ ተልጧል። እልልታው ሲያበቃ ግን ሌላ ጭንቅ መጣ። የባጃጅ ፍሬን በጮኸ ቁጥር ብድግ ይላል፤ መብራት አያስጠፋም።

«እማ፣ ዓይኔን ስጨፍን ይመጣሉ» አላቸው አንድ ማታ።

«ይምጡ። እኔ ቁጭ ብያለሁ» አሉት።

ከዚያ ወዲህ ከማታው የዒሻእ ሶላት በኋላ በርጩማቸውን አልጋው ራስጌ አድርገው ስምንት ወር ተቀመጡ። ሐኪም ያዘዘለትን ክኒን በእጃቸው ያስውጡታል፤ ያነቡለታል፤ ደረቱን ያብሳሉ። ሲባንን ከመጀመሪያው ይጀምሩለታል። ያልሠራበት ሌሊት ብዙ ነው። የሠላሳ ስምንት ዓመት ጎልማሳ እንደ ሕፃን ያስተኛሉ ያሏቸውም ነበሩ፤ እሳቸው ግን በርጩማቸውን አላነሡም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም.፣ በረመዳን ወር፣ ሳያበቁ እንቅልፍ ወሰደው። እሳቸው የቀራቸውን አንብበው ጨርሰው ተነሡ።

በ2017 ዓ.ም. ኩላሊታቸው ታመመ። ፍኖተ ሰላም ድረስ እየተመላለሱ ቢታከሙም አልሻላቸው አለ። በመጨረሻው ማታ ምላሳቸው ስለከበደ ሰዒድ መዳፉን ገጥሞ ያነብላቸው ጀመር። እንባ ሲያቋርጠው በጣታቸው እጁን ነካ አድርገው እንዲቀጥል አመለከቱት። ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ከንጋቱ የፈጅር አዛን በፊት በ72 ዓመታቸው ወደ አኼራ ሄዱ።

ወ/ሮ ዘይነባ የሁለት ልጆች እናትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። መቃብራቸውን ሲቆፍሩ ካረፈዱት መካከል የወ/ሮ ባንቺአየሁ ባለቤት አቶ ክንፈሚካኤልና ወንድሞቻቸው ይገኙበታል፤ ቤተሰቡ ያመሰግናቸዋል።

አላህ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፣ ያብራላቸው። በአፈር ውስጥ የሚያድሩባትን የዛሬዋን የመጀመሪያ ሌሊት እሱ ራሱ ይጠብቅላቸው። አሚን።