ድምፄን ማውጣት እንዳልረሳ

ጥር 12፣ ማክሰኞ
ዛሬ አርባ ሁለት የተማሪ ቀሚስ ጠርዝ አጠፍኩ። ወገቤ የኔ አይመስለኝም። ቤት ስደርስ አንዲት ሴት በሬ ላይ ቆማለች። መምህርት ነኝ አለች። ልጄ ሰርጓን ቀርጻላት ኖሯል። የልጄን መሞት አልሰማችም፤ ከእኔ ሰማች። "እማማ፣ ነፍስ ይማር… ይቅርታ ያድርጉልኝ" ብላ ልትመለስ ስትል እጇን ያዝኳት። ካሴቱ አለ፣ ፈልጌ እሰጥሻለሁ አልኳት።
ለምን እንደዚያ አልኩ? የልጄን ክፍል ከፍቼ አላውቅም እኮ። ከሞተች ሰባት ወር…

ጥር 13
ከፈትኩት። ኮምፒውተሩ አቧራ ለብሷል። መደርደሪያው ላይ ዘጠኝ ካሴት፣ በየጀርባው የባለሰርጉ ስልክ ተጽፎበታል። ደብተሯም አለ። የመጨረሻው ገጽ ላይ፦ "ዲቪዲ መቅጃ ልግዛ? ፕላስ ወይስ ማይነስ? ማን እንደሚያሸንፍ ይታይ፣ ትንሽ ልጠብቅ።" ከሥሩ ደግሞ፦ "የመምህርቷ ሰርግ። ድምፄን ማውጣት እንዳልረሳ።"
ትንሽ ልጠብቅ አለች…

ጥር 15
ካሜራዋን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቼ ካሴቱን አየሁት። እሷ የለችም። ከካሜራው ጀርባ ሆና እንዴት ትታይ? ድምፅዋ ግን አለ። "ሙሽሪት፣ ቀና በይ! አንገትሽን ማን ሰበረው? እንደሱ…" ብላ ሳቀች። አጠፋሁት።
ፎቶዋ ሞልቷል። ድምፅዋ ያለው እነዚህ ካሴቶች ላይ ብቻ ነው።

ጥር 16
ከረባት ጋ ሄድኩ። ባለ ቪዲዮ ቤቱ ነው፤ ፀሐይ አናት ብትበሳ ከረባቱን አያወልቅም፣ ስሙን የሚያውቅ የለም። ልጄ ሥራ የለመደችው እሱ ጋ ነው።
"እትዬ፣ ምን አስጨነቀዎት? ይስጡኝ፣ በሦስት ቀን ዲስክ ላይ አወርደዋለሁ። ከኋላ የሚያወራውን አጠፋና ሙዚቃ አለብሰዋለሁ።"
"ካሴቱስ?"
"ካሴቱማ ሌላ ሰርግ ይቀዳበታል።"
ክፋት የለውም፣ ሥራው ነው። ግን እጄ ቦርሳዬን ጨምድዶ ያዘ። ካሴቱን ይዤ ተመለስኩ።

ጥር 17፣ እሑድ
ታላቁ ልጄ መጣ። ማተሚያ ቤት ስለሚሠራ ኮምፒውተር ያውቃል። የእህቱ በር ክፍት መሆኑን ሲያይ ፊቱን አዞረ። መቅጃ ልግዛ ስለው፦
"እማዬ፣ አሁን ጊዜው አይደለም። ባዶ ዲስኩ ሁለት ዓይነት ነው፣ ፕላስና ማይነስ። ግማሹ ፋብሪካ ይሄን ይሠራል፣ ግማሹ ያንን። የገዛሽው ከተሸነፈ ዕቃሽ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። ስድስት ወር ጠብቂ።"
"እህትህም ስትጠብቅ ነበር።"
ሻዩን አማሰለ። ቆይቶ "ሁሉንም ሽጠሽ ብትገላገዪስ?" አለኝ።
ከምኑ ነው የምገላገለው? ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

ጥር 23
ልብስ ሳይለካ አይገዛም። የቤቴን ዲቪዲ ማጫወቻ በዘንቢል ይዤ ኤሌክትሮኒክስ መደብር ሄድኩ። ሻጩ በሳቅ ሊሞት።
"እናቴ፣ ጫማ መሰለዎት እንዴ የሚለካው?"
"ለካልኝ" አልኩት።
የተቀዳ ፕላስ አጎረሰው። ማጫወቻው አጉረመረመ፣ አጉረመረመ፣ "ዲስክ የለም" ብሎ ጻፈ። ማይነሱን አጎረሰው… ወዲያው አሳየ። ደስ ብሎኝ ማይነስ የሚጽፈውን ልገዛ ስል መምህርቷ ትዝ አለችኝ። የሷ ማጫወቻ የቱን ይወድ ይሆን? ከዚያው ደወልኩላት። እሷም አታውቅም። ዘንቢሌን አቅፌ ቁጭ አልኩ። ሻጩ አዘነልኝ መሰለኝ፣ "ሁለቱንም የሚጽፍ መቅጃም አለ፣ ወደድ ይላል እንጂ" አለ።
ታዲያ እስካሁን አፍህን ምን ዘጋው?
"ባዶ ዲስኩስ እናቴ? እየተጠፋ ደጋግሞ የሚጻፍበት ይሁን፣ ወይስ አንዴ ከተጻፈ የማይጠፋው?"
"የማይጠፋውን።"

ጥር 24
ደከመኝ። ካርቶኑን አልከፈትኩትም።

የካቲት 1፣ እሑድ
ልጄ መጥቶ ካርቶኑን አየ። "አንቺ እኮ አንድ ነገር ከያዝሽ…" አለና ካቻቪቴ ፈለገ። መቅጃውን ገጠመው። የመምህርቷን ካሴት ወደ ኮምፒውተሩ ማስገባት ጀመርን። የእህቱ ድምፅ ሲወጣ እጁ ቀጥ አለ። ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ለካ ሽጪ ያለኝ መስማት ፈርቶ ነው። ጀርባውን አሸሁት።
ሙሉውን ሳይቆረጥ ለብቻው አስቀመጠልኝ። ከዚያ ደብተሩ ያዘዘውን ሥራ፣ ድምፅዋን ከየቦታው ቆርጦ ማውጣቱን፣ ጀመርን። የእሷ ሥራ ነው፣ እሷ እንደምትጨርሰው መጨረስ አለበት።
"እማዬ፣ እዚህ ጋ ልቁረጥ?"
"ቁረጥ።"
"እዚህስ?"
"ቁረጥ።"
አሥራ አራት ጊዜ። በገዛ አፌ…
አሥራ አምስተኛው ላይ የሙሽሪት እናት ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው ጭፍግግ ብሎ። ልጄ ከካሜራው ጀርባ፦ "እናቴ፣ ልጅ የዳሩ ሳይሆን የቀበሩ መሰሉ እኮ! አንዴ ፈገግ!" ሴትዮዋ በሳቅ ፈነዱ፤ እስከ ድዳቸው ታዩ።
እኔም ሳቅኩ። ሳቄን ሰምቼ ደነገጥኩ። ልጄም ዞሮ አየኝ።
"ልቁረጥ?"
"ተወው። ድምፁ ከወጣ ሴትዮዋ በምን ሳቁ ይባላል? ይሄን ክር ከመዘዝነው ጨርቁ ይተረተራል።"

የካቲት 5
መምህርቷ መጣች። ፕላሱንም ማይነሱንም ሰጠኋት፣ ማጫወቻሽ የወደደውን አጉርሺው ብዬ። አቀፈችኝ። ጠመኔ ጠመኔ ትሸታለች።
ምን ትል ይሆን?

የካቲት 9
ደወለች።
"እማማ፣ አንድ ቦታ ላይ የልጅቷ ድምፅ ቀርቷል።"
"አውቄ ነው" አልኳት።
"እናቴ እኮ ያቺን ቦታ ብቻ ነው እየመለሰች የምታየው። ይቺ ነገረኛ የማን ልጅ ናት ትለኛለች።"
"የእኔ ናት" አልኩ።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ
ካሴቱን ለከረባት ወሰድኩለት። ሌላ ሰርግ ይቅዳበት። "እትዬ፣ እርግጠኛ ነዎት?" አለኝ፣ ሁለቴ። አዎ። ያልተቆረጠው በሁለት ዲስክ ተቀድቶ ልብስ ሳጥኔ ውስጥ ነው፤ አንዱ ፕላስ፣ አንዱ ማይነስ። ማን እንደሚያሸንፍ ዛሬም የሚያውቅ የለም። እነሱ ይሸናነፉ፣ እኔ አልጠብቅም።
ስምንት ካሴት ይቀራል። ልጄ ነገ ይመጣል። ዘንድሮ አንድም እሑድ አልቀርም ብሏል… እንግዲህ እናያለን። ክፍሏን ጠረግሁ። ደብተሯን አነሳሁና "ድምፄን ማውጣት እንዳልረሳ" ካለችበት ሥር በእኔ እጅ ጽሑፍ ጨመርኩበት፦
"ከየሰርጉ አንድ ቦታ መተው።"